የካሜራችን ዓይን

ሰው ዕቃ ሊገዛ ወደ ገበያ ሲወጣ ሁለት ዓይን ይዞ ይወጣል፤ አንደኛው የምኞት ዓይን ነው፥ ሁለተኛውም የጉዳይ ዓይን ነው። የምኞት ዓይን በሱቁ መስኮት ውስጥ የሚያብለጨልጨውን ሲያይ፥ የጉዳይ ዓይን ግን በቤት ውስጥ የጎደለውን ያያል። ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ እንደሚከፈት ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም፤ ደመወዝ በተቀበልንበት ሰሞን የገዛነውን ዕቃ ከወር በኋላ መለስ ብሎ መመልከት ይበቃል። «በሬ ሆይ፥ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ያሉት አባቶቻችን ስለ በሬ ብቻ የተናገሩ አይመስለንም።

ዛሬ ለአንባቢ የምናቀርበው ነገር ትንሽ ነው፤ ይኸውም ላረጀ ዲጂታል ካሜራ፥ ሌላ ሰው የተገለገለበትን ሌንስ በአነስተኛ ዋጋ ስለ መምረጥ ነው። ከካሜራው ሳይወጣ፥ በመንገድም በቤትም በበዓልም አብሮን የሚውል አንድ ሌንስ ማለታችን ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም፥ እኛን ያስከፈለን ዋጋ በብር ብቻ የሚቈጠር ስላልሆነ፥ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ገዢ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ጻፍነው።

የምንኖረው በቡራዩ ነው፤ የምንሠራው ደግሞ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ውስጥ ነው። እናታችን በሰበታ፥ ታላቅ እኅታችንም በሱሉልታ ይኖራሉ። ሦስቱም ከተሞች አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከከበቧት መካከል ሲሆኑ፥ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአንድ የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ይሁን እንጂ በአስተዳደር አንድ ቢሆኑም በመንገድ አንድ አይደሉም። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ ስለሚገኙ፥ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ብዙውን ጊዜ ወደ ዋና ከተማይቱ ገብቶ እንደ ገና መውጣት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ቤተሰባችን በሙሉ የሚገናኘው በበዓል ነው፤ በበዓል የተገናኘ ቤተሰብም ፎቶግራፍ መነሣት ይወዳል።

በወላጆቻችን ዘመን ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነበረ። በአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ትውልደ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ፤ ልጆቹም በእርሱ እግር ተተክተው ከእርሳቸው በኋላ ለነገሡት ሥራውን ቀጠሉ። ከቤተ መንግሥት የጀመረው ጥበብ ወደ ከተማው ሲወርድ ፎቶ ቤቶች ተከፈቱ፤ ቤተሰቡም የክት ልብሱን ለብሶ ወደ ፎቶ ቤት መሄድ ለመደ። ባለሙያው ወንበሩን ያስቀምጣል፥ አባትን ያስቀምጣል፥ እናትን ያቆማል፥ የሕፃኑን አንገት ቀና ያደርጋል። ካሜራውም በሦስት እግሩ ላይ የቆመ፥ ርቀቱም አስቀድሞ የተለካ ነበረ። ደንበኛው ስለ ሌንስ የሚያውቀው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። ዛሬ ግን ካሜራው ወደየቤታችን ስለ ገባ፥ የባለሙያው ሐሳብና ኃላፊነትም አብሮት ገብቷል።

ስልክ ባለበት ዘመን ካሜራ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ቢኖር አንቃወመውም። ጥሩ ስልክ ያለው ሰው ለብዙ ነገር ካሜራ አያሻውም። የእኛ ስልክ ግን ከርካሾቹ አንዱ ስለ ሆነ፥ መብራት ባነሰበት ቤት ውስጥ የሰውን ፊት አደብዝዞ ያስቀረዋል። እኛ ደግሞ የምንፈልገው በትልቁ ታትሞ፥ በመስታወት ተደርጎ፥ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ነበረ። በዚህም ምክንያት በ2014 ዓ.ም. አንድ የሥራ ባልደረባችን ኒኮን ዲ3100 የተባለውን ካሜራውን ሊሸጥ እንደ ሆነ በሰማን ጊዜ፥ የዕቁብ ገንዘባችን ደርሶን ስለ ነበረ ሳናወላውል ገዛነው። ይህ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፥ 14.2 ሜጋ ፒክስል ያለው፥ ለጀማሪ የተሠራ መሣሪያ ነው። ባልደረባችን ሌንሱን ቀደም ብሎ ለሌላ ሰው ሸጦት ስለ ነበረ፥ በእጃችን የገባው አካሉ ብቻ ነው። ሌንስ የሌለው ካሜራ በር እንደሌለው ቤት ስለ ሆነ፥ ሌንስ ፍለጋ ተነሣን።

የመጀመሪያው ስሕተታችን ከዚህ ይጀምራል። ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚያጠራቅሙት ግድቦች አንዱ የሆነው የገፈርሳ ግድብ ይገኛል። በማለዳ ጉሙ ከውሃው ላይ ሲነሣ፥ ወፎቹ በዳር በዳር ሲለቅሙ ማየት ደስ ያሰኛል። ለሥራ ስንወጣ ይህን በታክሲው መስኮት እያየን ስለምናልፍ፥ ልባችን ከዚያ ተሰቅሎ ቀረ። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ከ55 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚሳብ ሌንስ አውጥቶ «ወንድሜ፥ ይህ እኮ የወጨጫን ጫፍ ደጅህ ላይ ያመጣልሃል» ባለን ጊዜ፥ ሌላ ጥያቄ ሳንጠይቅ ዋጋ መከራከር ጀመርን። ዋጋውም ከሌሎቹ ይልቅ ርካሽ ነበረ። ነጋዴው አልዋሸም። ሌንሱ በእውነት ሩቁን ያቀርባል። እኛም አንድ ወር ሙሉ በገፈርሳ ዳር ወፍ ስናነሣ፥ የወጨጫን ዛፎች ስንቈጥር ሰነበትን።

በ2015 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ካሜራችንን አንግተን ወደ ሰበታ ሄድን። በእናታችን ቤት ውስጥ ታናሽ ወንድሟ፥ አጎታችን፥ አብረዋት ይኖሩ ነበር። አጎታችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ሲሆኑ፥ በልጅነታቸው በዚያው በሰበታ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው፥ በኋላ በመምህርነት ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ናቸው። እኛንም ፊደል ያስቈጠሩን እርሳቸው ናቸው፤ ፊደሉን ሳያዩት በመዳፋችን ላይ በጣታቸው እየጻፉ።

በዚያን ዕለት ውጭው ዝናብ ነበረ፤ አጎታችንም እግራቸውን ታመው ከመደቡ አይነሡም ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ፥ ከልጅ እስከ አዋቂ አሥራ አንድ ነፍስ፥ በመሶቡ ዙሪያ ተሰበሰበ። እኛም ካሜራውን አንሥተን በዓይናችን ላይ ብናደርገው የእናታችን ፊትና የአጎታችን ግማሽ ትከሻ ብቻ ታየን። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድን፤ አንድ ሕፃን ተጨመረ። ጀርባችን ከግድግዳው ጋር እስኪጣበቅ ድረስ ሄድን፤ ከአሥራ አንዱ አራቱ ታዩ። በሩን ከፍተን በዝናቡ ውስጥ ቆመን ብንሞክር፥ የበሩ መቃን ግራና ቀኙን ከለለብን።

አጎታችን የእግራችንን ድምፅ እየሰሙ ነበርና፥

«ምን ሆነህ ነው ወዲያና ወዲህ የምትለው?» አሉን።

«ጋሼ፥ ሌንሱ ሁላችሁንም አልይዝ አለኝ» አልናቸው።

«ስንት እርምጃ ይፈልጋል?»

የምንመልሰው ጠፋን። ዕቃውን ስንገዛ ይህን አልጠየቅንም ነበር።

«ይህ ቤት ከመደቡ እስከ በሩ አምስት እርምጃ ነው» አሉ አጎታችን እየሣቁ። «አንተ በዚህ ቤት ተወልደህ አድገህ አታውቀውም፤ እኔ ሳላየው አውቀዋለሁ። ዓይን ያለው ሰው አይለካም ማለት ነው?»

ሁሉም ሣቀ፤ እኛም ሣቅን። ከዚያ በኋላ እርሳቸውን ለብቻቸው እንድናነሣቸው ብንለምናቸው እንቢ አሉ። «ብቻዬንማ በመታወቂያዬ ላይ አለሁ» አሉን። «እኔ ሥዕሉን እንደማላየው ታውቃለህ፤ የምነሣው ለእናንተ ነው። ለእናንተ ከሆነ ደግሞ ከእናንተ ጋር ልነሣ።» አንዱ የእኅታችን ልጅ በስልኩ አነሣን፤ ነገር ግን ሥዕሉ ጥላ ብቻ ሆኖ ወጣ፤ ስልኩም በክረምቱ ውሃ ገብቶበት ሲበላሽ ያም አብሮ ጠፋ። እኛም «ለሚመጣው በዓል ሌላ ሌንስ ይዤ እመጣለሁ» ብለን ቃል ሰጥተን ተመለስን።

ሁለተኛው ስሕተታችን ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ከተቀጣ ሰው የሚጠበቅ አልነበረምና። የበዓሉን ሥዕሎች ስንመለከት ሁሉም ጨለም ብለው ስላገኘናቸው፥ ጉድለቱ የብርሃን ብቻ መስሎ ታየን። በዚያን ሰሞን ስለ ካሜራ የሚያውቅ አንድ ወጣት «ለጨለማ ቤት ከ50 ሚሊ ሜትሩ፥ ኤፍ 1.8 ከሆነው የሚበልጥ የለም» ስላለን፥ በቴሌግራም ከሚሸጡት መካከል አንዱን አሮጌ፥ በስሙ መጨረሻ «ዲ» የተባለ ፊደል ያለበትን፥ በአንድ ቀን ውስጥ ፈልገን ገዛን። የተባለው እውነት ነው፤ ይህ ሌንስ ከቀድሞው ሌንሳችን በ55 ሚሊ ሜትር ላይ ከሚያስገባው ብርሃን ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ያስገባል። ነገር ግን ሁለት ነገር አላወቅንም ነበር።

አንደኛ፥ የዚህ ዓይነቱ ሌንስ ራሱ ሞተር የለውም፤ አነጣጥሮ ሥዕሉን የሚያጠራለት በካሜራው አካል ውስጥ ያለ ሞተር ነው። የእኛ ዲ3100 ደግሞ ያ ሞተር የለውም። የኒኮን የሌንስ ማሰሪያ እ.ኤ.አ. በ1959 ከወጣው ከኒኮን ኤፍ ካሜራ ጀምሮ በቅርጹ ብዙም ሳይለወጥ ስለ ቆየ፥ አሮጌውም አዲሱም ሌንስ ከካሜራው ላይ ይገጥማል። መግጠሙ ግን መሥራቱን አያረጋግጥም። እኛም ሌንሱ «ቀጭ» ብሎ ሲገባ ደስ ብሎን ገንዘቡን ቈጥረን ሰጠን። ቤት ገብተን ብንሞክረው ሌንሱ ዝም አለ፤ በእጅ እያዞሩ ማጥራት ቢቻልም፥ አንድ ቦታ ለማይቀመጡ ሕፃናት ይህ አይሆንም። ሁለተኛ፥ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስፋቱ ከ55ቱ እምብዛም የማይለይ ስለ ሆነ፥ የአምስት እርምጃውን ቤት ችግር ከነበረበት አላነሣውም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው፤ እኛ ግን አፍሰን መልቀሙም ሳይሆንልን ቀረ።

ገንዘባችን በሁለት ሌንስ ስላለቀ፥ ሦስተኛውን ለመግዛት እስከ ገና ድረስ እናጠራቅማለን ብለን ወሰንን። አጎታችን ግን ገናን አልጠበቁም። በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ በአንድ ቅዳሜ ሌሊት ዐረፉ።

በቀብራቸው ዕለት ከአስከሬኑ ፊት የተያዘው ሥዕል ከመታወቂያቸው ላይ ተወስዶ በትልቁ የታተመ ነው። ትንሽ ሥዕል ያለ ልኩ ሲተልቅ ምን እንደሚመስል አንባቢ ያውቀዋል። የማኅተሙ ጠርዝ በትከሻቸው ላይ ይታያል። ፊታቸውም ካሜራው ወዴት እንዳለ ያልተነገረው ሰው ፊት ነው፤ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ የሆነ ድምፅ የሚያዳምጥ ይመስላል። «ብቻዬንማ በመታወቂያዬ ላይ አለሁ» ያሉት ነገር በዚያን ጊዜ ታወሰን። ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስና ጨለማን የሚያሸንፍ ሌንስ በቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩን እንደ ተማሪ ከሥሩ ለማጥናት የተነሣነው። የጀመርነውም አጎታችን ከጠየቁን ጥያቄ ነው፤ ስንት እርምጃ ይፈልጋል? መልሱ ከባድ ሒሳብ የለበትም። በካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር የተባለው ሰሌዳ በእኛ ካሜራ ወርዱ 23.1 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ወርድ በሌንሱ ርዝመት አካፍሎ፥ ከምናነሣው ሰው ባለን ርቀት ማባዛት ብቻ ነው። አምስት እርምጃው ቤት፥ የሰዎቹና የእኛ መቆሚያ ሲቀነስ፥ ሦስት ሜትር ያህል ርቀት ይተርፈዋል። በሦስት ሜትር ላይ የ55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሊይዝ የሚችለው 1.26 ሜትር ስፋት ብቻ ነው፤ ይህም ትከሻ ለትከሻ የገጠሙ ሁለት ሰዎች ማለት ነው። የ50ው 1.39 ሜትር፥ የ35ቱ 1.98 ሜትር ሲይዝ፥ የ18ቱ ግን 3.85 ሜትር ይይዛል። አሥራ አንድ ሰው፥ ግማሹ ተቀምጦ ግማሹ ቆሞ፥ በ3.85 ሜትር ውስጥ ይገባል። ይህን ሒሳብ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል፤ እኛ ሳንሠራው ቀረን።

በሒሳቡ ብቻ ግን አልተማመንንም። ከ18 እስከ 105 ሚሊ ሜትር የሚሳብ ሌንስ ያለውን አንድ ወዳጃችንን ለሁለት ሳምንት እንዲያውሰን ለመንነው፤ የዓመት ፈቃዳችንንም ወስደን ሦስቱንም ከተሞች ዞርን። ሱሉልታ ወደምትኖረው እኅታችን ሄደን በማለዳው ብርድ የሚለማመዱትን ሯጮች፥ በሜዳው ላይ የተከመረውን ድርቆሽ፥ እኅታችን ላሟን ስታልብ አነሣን። በቡራዩ ጎረቤቶቻችንንና የልጆቻችንን ጨዋታ፥ በሰበታም እናታችንን ቡና ስታፈላ አነሣን። ዲጂታል ካሜራ እያንዳንዱ ሥዕል በስንት ሚሊ ሜትር እንደ ተነሣ ከሥዕሉ ጋር ይመዘግባል። እኛም የመዝገብ ሠራተኞች እንደ መሆናችን ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እየከፈትን ቍጥሩን በደብተር ጻፍን። ውጤቱ አስገረመን። ከገፈርሳ ወፎች በቀር፥ የሚበዙት ከ18 እስከ 55 ባለው መካከል የተነሡ ነበሩ። ሯጮቹም ቢሆኑ በመንገዱ ዳር ለቆመ ሰው በአጠገቡ ያልፋሉ እንጂ አይርቁም። ይህ ደብተር ስለ ሌንስ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችንም አንድ ነገር ነገረን፤ ይኸውም የምንወዳቸው ሁሉ የሚገኙት ከስድስት ሜትር በማይርቅ ቦታ ላይ መሆኑን ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት ለካሜራም ይሠራል።

እንግዲህ ምርጫው ወደ ሦስት ጠበበ። አንደኛው ያው የወዳጃችን ዓይነት፥ ከ18 እስከ 105 የሚደርሰው ነው። መልካም ሌንስ ነው፤ ለቤትም ለመንገድም ይበቃል። ነገር ግን 420 ግራም ስለሚመዝን፥ 455 ግራም ብቻ ለሚመዝነው ካሜራችን ከብዶ ወደ ፊት ያዘነብለዋል፤ ዋጋውም በጊዜው ከአቅማችን በላይ ነበረ። ሁለተኛው ሞተር ያለው የ35 ሚሊ ሜትር፥ ኤፍ 1.8 ሌንስ ነው። ክብደቱ 200 ግራም ብቻ ሲሆን በጨለማ ቤት እጅግ ያገለግላል፤ ሆኖም አይሳብም፤ በሦስት ሜትር ላይም ከአሥራ አንዱ ሰው አምስቱን በውጭ ይተዋል። ሦስተኛው ከካሜራው ጋር ከፋብሪካ አብሮ የሚወጣው፥ ሁሉም የሚንቀው፥ ከ18 እስከ 55 የሚሳበው ነው። 265 ግራም ይመዝናል፤ እስከ 28 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቀርቦ ያነሣል፤ «ቪ አር» የተባለ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያበርድ መሣሪያም አለው። ብዙ ሰው ካሜራውን ገዝቶ ይህን ሌንስ ቶሎ ስለሚሸጠው፥ ከሁሉ ይልቅ ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ እንዳለ ለአንባቢ ማስታወቅ ይገባናል። ይኸው ከ18 እስከ 55 የሚሳበው ሌንስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ «ኤ ኤፍ ፒ» በሚል ምልክት በአዲስ ዓይነት ተሠርቶ ወጥቷል። አዲሱ ከአሮጌው ይልቅ ፈጣንና ድምፅ አልባ ስለ ሆነ፥ ገዢ ሁሉ እርሱን ይመርጣል። ነገር ግን እንደ ዲ3100 ያሉት የቀድሞዎቹ ካሜራዎች ይህን ሌንስ ማዘዝ አይችሉም፤ ሌንሱ ይገጥማል፥ ነገር ግን በራሱም በእጅም አያጠራም። ስለዚህ ላረጀ ካሜራ አዲስ ሌንስ ሁልጊዜ በጎ አይደለም፤ «ኤ ኤፍ ኤስ» የሚለውን ምልክት አይቶ መግዛት ይሻላል። የካነን ካሜራ ያለው አንባቢ በዚህ በኩል ዕረፍት አለው፤ የካነን ኢ ኤፍና ኢ ኤፍ ኤስ ሌንሶች ሞተራቸውን በራሳቸው ውስጥ ይዘው የሚወጡ ናቸውና።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር ውስጥ ያን የተናቀውን ሌንስ አገኘነው። በዚህ ጊዜ ግን ወደ ሻጩ የሄድነው ካሜራችንን፥ አንድ የቆየ ጋዜጣና የስልካችንን መብራት ይዘን ነው። በመጀመሪያ ሌንሱን ወደ ብርሃን አንሥተን በጀርባው በኩል በመብራት አየነው። ጥቂት አቧራ አይጎዳም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ነገር ግን ሻጋታ ስለ ሆነ ይህ ያለበት ሌንስ አይገዛም። የእኛ አገር ክረምት እርጥበቱ ብዙ ስለ ሆነ፥ በቆዳ ማኅደር ተዘግቶ በቁም ሣጥን የከረመ ሌንስ በዚህ ደዌ ይያዛል። ቀጥለን በፊት በኩል ያለው የብረት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት የተጨረመተ እንደ ሆነ ተመለከትን፤ የተጨረመተ ከሆነ ሌንሱ ወድቆ ያውቃል። ከዚያ መሳቢያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞርነው፤ ሳይሰናከል ሄደ። በመጨረሻም ጋዜጣውን በግድግዳ ላይ ለጥፈን፥ በ18ም በ55ም አንሥተን፥ በካሜራው መስታወት ላይ አራቱን ማዕዘን እያጎላን ፊደሎቹን አነበብን። አንደኛው ማዕዘን ብቻ ደብዝዞ ሌሎቹ ጠርተው ቢሆን ኖሮ የውስጡ መስታወት ዘንበል ብሏል ማለት ነበረ። ሻጩ መጀመሪያ «ወንድሜ፥ ሌንስ ነው የምትገዛው ወይስ ቤት?» ብሎ ቢያፌዝብንም፥ ኋላ እርሱም ከእኛ ጋር ጎንበስ ብሎ ጋዜጣውን ማንበብ ጀመረ።

የ50 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ዲ90 የተባለ ካሜራ ላለው አንድ ሰው ሸጥነው። የእርሱ ካሜራ በአካሉ ውስጥ ሞተሩ ስላለው፥ በእኛ ዘንድ ዝም ያለው ሌንስ በእርሱ ዘንድ ሠራ። እንግዲህ ዕቃው ክፉ አልነበረም፤ ወደማይሆነው ቤት ገብቶ ነበር እንጂ። የወፎቹን ሌንስ ግን አልሸጥነውም፤ ገፈርሳ ዛሬም አለና።

በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ወደ ሰበታ ተመለስን። መብራቱ ደካማ እንደ ሆነ ስለምናውቅ በሩንና መስኮቱን ከፈትን፤ ይህ ሌንስ እንደ 50ው ብዙ ብርሃን አያስገባምና። ሰፊ ሌንስ በጠርዝ ላይ ያለውን ሰው ስለሚለጥጥ፥ ሽማግሌዎቹን በመካከል፥ ወጣቶቹን በዳር አደረግን። ካሜራውን 18 ላይ አድርገን፥ ጀርባችንን ከግድግዳው አስደግፈን ብናይ፥ ሁሉም ገቡ። ቦታም ተረፈ። እናታችን ከመደቡ ላይ ጠጋ እንዲሉ ልጆቹ ሲጫኗት፥ «እዚህ አትቀመጡ፤ ይህ የእርሱ ነው» ብላ በቀኟ በኩል ያለውን ቦታ በእጇ ከለከለች። እኛም እንዳለ አነሣነው። ሥዕሉ ዛሬ በዚያው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል፤ አሥር ሰዎችና አንድ ባዶ ቦታ ይታዩበታል።

እንግዲህ ሌንስ ለመግዛት ገንዘቡን የቋጠረ አንባቢ ቢኖር፥ የእኛ ምክር አጭር ነው። ወደ ሱቅ ከመሄድህ በፊት ወደ እናትህ ቤት ሂድ፤ ከመቀመጫው እስከ በሩ ያለውን በእርምጃ ለካ፤ ቍጥሩን በወረቀት ጽፈህ በኪስህ ያዝ። ሻጩ ስለ ተራራ ሲነግርህ ወረቀቱን አውጥተህ አንብብ። ካሜራህ የትኛውን ሌንስ ማዘዝ እንደሚችል ጠይቀህ፥ ሳትሞክር አትክፈል። ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ ግን አትዘግይ፤ ሌንስ ሌላ ጊዜም ይገኛልና።